ፎርክ አደረግኩ፤ ከዛስ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? የሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን የሚቀይር አንድ ኦፕን ሶርስ ላይብረሪ ላይ ስህተት አገኘሁ። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ብዬ ስሰጠው ‹እንዲህ ያለ ቀን የለም› ይለኛል። ኮዱን ክሎን አድርጌ አስተካከልኩት። ፑሽ ሳደርግ ግን 403 መጣ፤ ፈቃድ የለህም ተባልኩ። ጓደኛዬ ‹መጀመሪያ ፎርክ ማድረግ ነበረብህ› ሲለኝ ፎርክ አደረግኩ። ከዚያ ፈተና ደረሰና ተውኩት። አሁን ስመለስ ፎርኬ ከዋናው 58 ኮሚት ወደ ኋላ ቀርቷል። ጊትሃብ ላይ ሁለት ሪፖ አለ፣ ላፕቶፔ ላይ አንድ ፎልደር አለ፤ የሠራሁት የትኛው ጋ እንዳለ ራሱ ግራ ገባኝ። ሁሉንም አጥፍቼ ከዜሮ ልጀምር?»

አታጥፋ። ምንም የተበላሸ ነገር የለም። የሠራኸው ላፕቶፕህ ላይ ቁጭ ብሏል። ከዜሮ መጀመር ደግሞ ኮዱን በሙሉ እንደገና ማውረድ ነው፤ ጥቅልህን ለምን ትበላዋለህ? ያለህን እናስተካክለው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ለነገሩ አዲስ ለሆነ አንባቢ፦ ጊት የኮድን ለውጥ ታሪክ የሚይዝ ፕሮግራም ነው፤ ጊትሃብ ኮዱ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ። ሪፖ የአንድ ፕሮጀክት ማከማቻ ነው፤ ክሎን ወደ ላፕቶፕ ማውረድ፣ ኮሚት ለውጥን መመዝገብ፣ ፑሽ ደግሞ ወደ ጊትሃብ መላክ።

አንድ ነገር ልበልና ልቀጥል። ትዕዛዞቹን የምጽፋቸው በአፋችን እንደምንጠራቸው ነው። ተርሚናል ላይ ስታስገባቸው በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ ነው። ትልቅ ፊደል የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። ድሮ ፎርክ ማለት ግማሽ ጠብ ነበር። ሰዎች በአንድ ፕሮጀክት አካሄድ ሳይስማሙ ሲቀሩ ኮዱን ይዘው ይወጡና የራሳቸውን ጎጆ ይቀልሳሉ። በፈረንጆቹ 2009 ማሪያዲቢ የሚባለው ዳታቤዝ ከማይኤስኪውኤል፣ በ2010 ደግሞ ሊብረኦፊስ የሚባለው የቢሮ ፕሮግራም ከኦፕንኦፊስ የወጡት እንዲህ ነው። በ2008 የመጣው ጊትሃብ ቃሉን አለዘበው። ዛሬ ፎርክ የሚለውን ስትጫን ከማንም ጋር አልተጣላህም። የራስህን ቅጂ ወስደህ፣ ቅጂው ላይ ሠርተህ፣ «ይኸው፣ ከወደዳችሁት ውሰዱት» ለማለት ነው። ቅጂው የሚሠራውም በጊትሃብ ሰርቨር ላይ ስለሆነ ካንተ ኢንተርኔት የሚወስደው ነገር የለም።

ስለዚህ አሁን ኮዱ ያለው ሦስት ቦታ ነው። አንደኛው የባለቤቶቹ ዋናው ሪፖ ነው፤ ታነበዋለህ፣ አትጽፍበትም። 403 ያለህ እሱ ነው፤ ማንም እየመጣ እንዳይጽፍበት ተቆልፏል። ሁለተኛው ጊትሃብ ላይ በስምህ ያለው ፎርክህ ነው፤ ቁልፉ ያንተ ነው። ሦስተኛው ላፕቶፕህ ላይ ያለው ነው፤ ሥራ የሚሠራው እዚያ ነው።

በልማድ ዋናው ሪፖ «አፕስትሪም» ይባላል፣ ፎርክህ ደግሞ «ኦሪጅን»። አፕስትሪም የወንዝ ነገር ነው፤ የላይኛው ተፋሰስ በለው። አዲስ ኮድ ከላይ ወደ አንተ ይወርዳል። ያንተ ለውጥ ደግሞ በፎርክህ በኩል ወደ ላይ ይለመናል፤ ፑል ሪኩዌስት የሚባለው ልመናው ነው።

አንተ ጋ ግራ መጋባቱ የመጣው ከቅደም ተከተሉ ነው። ጊት ክሎን ስታደርግ ክሎን ላደረግክበት አድራሻ «ኦሪጅን» የሚል ስም በራሱ ይሰጠዋል። አንተ ፎርክ ከማድረግህ በፊት ክሎን ስላደረግክ ላፕቶፕህ ኦሪጅን የሚለው ዋናውን ሪፖ ነው። ፎርክህን ጨርሶ አያውቀውም። ተርሚናል ከፍተህ ፎልደሩ ውስጥ ግባና «ጊት ሪሞት -ቪ» በል። ሁለት መስመር ይወጣል፤ ሁለቱም ላይ የባለቤቶቹን ስም ታያለህ። ያንተ ስም የለም።

ታዲያ ስሙን እንቀይራለን። «ጊት ሪሞት ሪኔም ኦሪጅን አፕስትሪም» በል። ቀጥሎ «ጊት ሪሞት አድ ኦሪጅን» ብለህ፣ አጠገቡ የፎርክህን አድራሻ ለጥፍ። አድራሻውን የምታገኘው ፎርክህ ገጽ ላይ «ኮድ» የሚለውን አረንጓዴ ቁልፍ ስትጫን ነው። እንደገና «ጊት ሪሞት -ቪ» በል። አሁን አራት መስመር መሆን አለበት፦ ሁለቱ ኦሪጅን ባንተ ስም፣ ሁለቱ አፕስትሪም በባለቤቶቹ ስም። አራቱን በዓይንህ ሳታይ ወደሚቀጥለው አትሂድ።

እግረ መንገድህን «ጊት ኮንፊግ ሪሞት.ፑሽዲፎልት ኦሪጅን» በል፤ እዚህ ዲፎልት የሚለው የመጀመሪያ ፊደል ትልቁ ዲ ነው። ከዚህ በኋላ ዝም ብለህ ጊት ፑሽ ስትል ወደ ፎርክህ ይሄዳል። እኔ ከዚህም አልፌ የአፕስትሪምን የመጻፊያ አድራሻ ሆን ብዬ አበላሸዋለሁ፦ «ጊት ሪሞት ሴት-ዩአርኤል --ፑሽ አፕስትሪም ኖ_ፑሽ»። ኖ_ፑሽ የሚባል አድራሻ በዓለም ላይ ስለሌለ በስህተት ወደ ዋናው መግፋት አልችልም። አንተ ለጊዜው መብቱም ስለሌለህ ብዙም አያሰጋህም። አንድ ቀን መብቱን ሲሰጡህ ግን ታመሰግነኛለህ።

ፑሽ ስታደርግ ፓስወርድ ከጠየቀህና የጊትሃብን ፓስወርድ ብታስገባ አይቀበልህም። ከኦገስት 13 ቀን 2021 ጀምሮ ቀርቷል። በፓስወርድ ፋንታ ማንነትህን የሚያረጋግጥ ኤስኤስኤች ቁልፍ ሥራ፦ «ኤስኤስኤች-ኪጄን -ቲ ኢዲ25519»። ሁለት ፋይል ይወጣል። መጨረሻው ላይ ነጥብ ፐብ ያለበትን ብቻ ከፍተህ ጊትሃብ ሴቲንግ ውስጥ ለጥፈው። ሌላኛውን ለማንም፣ ለእኔም ጭምር፣ እንዳትልክ። ኤስኤስኤች ከመረጥክ የኦሪጅን አድራሻም የኤስኤስኤቹ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የሠራኸው ለውጥ ሜይን ብራንች ላይ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ብራንች ማለት የኮዱ አንድ የሥራ መስመር ነው፣ ሜይን ደግሞ ዋናው። የመጀመሪያ ጊዜ ሁላችንም እዚያው ነው የምንሠራው። ቆየት ባሉ ፕሮጀክቶች ሜይን ፋንታ ማስተር ልታይ ትችላለህ፤ ጊትሃብ ለአዳዲስ ሪፖዎች ስሙን የቀየረው በኦክቶበር 2020 ነው። ያም ሆነ ይህ፣ ፎርክህ ውስጥ ያለውን ሜይን እንደ መስታወት ቁጠረው። ሥራው የባለቤቶቹን ሜይን ማሳየት ብቻ ነው። እዚያ ላይ የራስህን ኮሚት የጻፍክ ቀን ሁለቱ ይለያያሉ። ከዚያ በኋላ ባዘመንክ ቁጥር የመርጅ (የማዋሃጃ) ኮሚት ይደራረባል። መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ላስተካከልክበት ፑል ሪኩዌስት 40 ኮሚት ተግተልትሎ ይመጣል። የሚያየው ሰው ደግሞ ከሥራ ወጥቶ ማታ በነፃ የሚሠራ ሰው ነው። ምን እንደሚያደርግ ታውቀዋለህ፤ ታቡን ይዘጋዋል።

ስለዚህ ሥራህን ከሜይን ላይ እናንሳው። «ጊት ስታተስ» በልና ተመልከት። ለውጡን ገና ኮሚት ካላደረግከው ቀላል ነው፦ «ጊት ስዊች -ሲ ጳጉሜ-6» በል። አዲስ ብራንች ይከፍትና ለውጡን ይዞህ ይሻገራል። የብራንቹን ስም በላቲን ጻፈው፤ ሌሎቹም እንዲያነቡት። ከዚያ ኮሚት አድርገው። ስዊች የሚለውን አላውቀውም ካለህ ጊትህ አርጅቷል፤ ትዕዛዙ የመጣው በፈረንጆቹ 2019 በወጣው ጊት 2.23 ነው።

ሜይን ላይ ኮሚት አድርገህ ከሆነ ግን እንዲህ ነው። ሜይን ላይ እንዳለህ «ጊት ብራንች ጳጉሜ-6» በል። ይህ ትዕዛዝ አንተን የትም አይወስድህም፤ ያለህበት ቦታ ላይ ምልክት ይተክላል፣ በቃ። ሥራህ አሁን ሁለት ስም አለው። ስለዚህ ሜይንን ወደ ኋላ ብንመልሰው የሚጠፋ ነገር የለም። ቀጥለህ «ጊት ፌች አፕስትሪም» (የዋናውን አዲስ ኮሚቶች ያወርዳል)፣ ከዚያ «ጊት ሪሴት --ሃርድ አፕስትሪም/ሜይን»። ይኼ ሃርድ የሚባለው ጨካኝ ነው፤ ኮሚት ያልተደረገ ነገር ካለ ሳይጠይቅ ይጠርገዋል። ስታተስ «ምንም የቀረ የለም» ሳይልህ እንዳትነካው። ኮሚት የተደረገ ነገር ግን ቢጠፋብህም «ጊት ሪፍሎግ» ብለህ ታገኘዋለህ። እኔ በሪፍሎግ ያዳንኩት ሥራ ብዛት፣ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

58ቱ ኮሚትም እግረ መንገዱን አለቀለት። በዚህ በሁለተኛው መንገድ ከመጣህ ላፕቶፕህ ላይ ያለው ሜይን አሁን ከዋናው ጋር እኩል ነው፤ በመጀመሪያው ከመጣህ ግን ከታች ባለው የማዘመኛ መንገድ መጀመሪያ አስተካክለው። «ጊት ፑሽ ኦሪጅን ሜይን» ስትል ፎርክህም እኩል ይሆናል። ጊትሃብ ገጽ ላይ «ሲንክ ፎርክ» የሚል ቁልፍም አለ፤ አይከፋም። ግን እሱ ፎርክህን ብቻ ነው የሚያድሰው፤ ላፕቶፕህ ወሬው አይደርሰውም። ለወደፊቱ የማዘመኛው መንገድ ይህ ይሁን፦ «ጊት ስዊች ሜይን»፣ «ጊት ፌች አፕስትሪም»፣ «ጊት መርጅ --ኤፍኤፍ-ኦንሊ አፕስትሪም/ሜይን»፣ ከዚያ ፑሽ። ኤፍኤፍ-ኦንሊ የምትለዋ ዘበኛ ናት። ሜይን ላይ በስህተት የጻፍከው ነገር ካለ አላልፍም ትልሃለች።

የቀረው ብራንችህን አሁን ካለው ኮድ ላይ ማስቀመጥ ነው። «ጊት ስዊች ጳጉሜ-6»፣ ከዚያ «ጊት ሪቤዝ አፕስትሪም/ሜይን»። በነዚህ ሳምንታት ሌላ ሰው ያንኑ መስመር ነክቶት ከሆነ ኮንፍሊክት፣ ማለትም ግጭት፣ ይመጣል። ፋይሉን ስትከፍት በሰባት የቀስት ምልክት የታጠሩ ሁለት ቅጂዎች ታያለህ። ትክክለኛውን አስቀር፣ ምልክቶቹን አጥፋ፣ «ጊት አድ» አድርግ፣ «ጊት ሪቤዝ --ኮንቲኒው» በል። ኤዲተርህ «የኛ» ወይስ «የነሱ» ብሎ ቢጠይቅህ ተጠንቀቅ። ሪቤዝ ላይ ስሙ ይገለበጣል፤ «የኛ» የሚለው የአፕስትሪምን ነው፣ «የነሱ» የሚለው ያንተን። ስንቱን ያሳሳተ ነገር ነው። ግራ ከገባህ «--አቦርት» ብለህ እንዳልጀመርክ መመለስ ትችላለህ።

እዚህ ጋ የራሴን ጉድ ላውራ። መጀመሪያ የላክሁት ፑል ሪኩዌስት ሁለት ቃል ያስተካከለ ነበር። ገጹ ላይ ሲታይ ግን ፋይሉ ከላይ እስከ ታች ቀይ፣ ቀጥሎ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ። አንዲት መስመር አልቀረችም። የፕሮጀክቱ ጠባቂ «ምን ለማድረግ ፈልገህ ነው?» ብሎ በትህትና ጠየቀኝ፤ እኔም መልሱን አላውቀውም ነበር። ነገሩ የመስመር መጨረሻ ነው። ዊንዶውስ እያንዳንዱን መስመር በሁለት ስውር ምልክት ይዘጋል፤ ሊኑክስና ማክ በአንድ። የኔ ኤዲተር ሁሉንም ለውጦልኛል። ዊንዶውስ ላይ ከሆንክ «ጊት ኮንፊግ --ግሎባል ኮር.ኦቶሲአርኤልኤፍ ትሩ» አድርግ። ከመላክህ በፊት ደግሞ «ጊት ዲፍ --ስታት አፕስትሪም/ሜይን» በል። ሦስት መስመር ነክተህ 300 ካለህ፣ ቁም።

ለእኛ ፊደል የምትሆን አንዲት ነገርም አለች። በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ካለ ጊት ስሙን \341\210\200 በሚመስል ቁጥር ያሳይሃል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ይቺ ቁጥር «ሀ» ናት። «ጊት ኮንፊግ --ግሎባል ኮር.ኮትፓዝ ፎልስ» ስትል ፊደሉ ይመለሳል።

ኢሜይልህንም እይ። «ጊት ኮንፊግ ዩዘር.ኢሜይል» የሚያወጣው አድራሻ እያንዳንዱ ኮሚት ላይ ይታተማል፤ ለሕዝብ ነው፣ ከተመረጀ በኋላ አይነሳም። የግል አድራሻህ እንዲወጣ ካልፈለግክ ጊትሃብ ኖሪፕላይ የሚል መሸፈኛ አድራሻ ይሰጥሃል። ጊትሃብ ከማያውቀው ኢሜይል የተላከ ኮሚት ደግሞ በስምህ አይመዘገብልህም።

ኢንተርኔትህ ቀርፋፋ ከሆነ ትላልቅ ፕሮጀክቶች ላይ ሰዎች «--ዴፕዝ 1» ይሉሃል። የመጨረሻውን ኮሚት ብቻ ያወርዳል፤ ለማንበብ ጥሩ ነው። ለማበርከት ግን አልወደውም። ታሪኩ ስለሌለ ሪቤዝ ስታደርግ ይቸገራል። ከዚያ ይልቅ ክሎን ላይ «--ፊልተር=ብሎብ:ነን» ጨምር። ታሪኩ በሙሉ ይመጣል፣ የድሮ ፋይሎች ይዘት ግን የሚወርደው ስትጠይቀው ብቻ ነው። ያንተ ላይብረሪ ትንሽ ስለሆነ አሁን አያስፈልግህም። እንደ ሊኑክስ ከርነል ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኮሚት ያለው ነገር ቤት ስትገባ አስታውሰኝ።

ይህን መጀመሪያ ማለት ነበረብኝ፦ ኮድ ከመላክህ በፊት ሪፖው ውስጥ «ኮንትሪቢዩቲንግ» የሚል ፋይል ካለ አንብበው። አንዳንዱ ፕሮጀክት ኮሚትህን በ«-ኤስ» እንድትፈርም ይጠይቃል፤ «የራሴ ሥራ ነው፣ የማበርከት መብት አለኝ» ማለት ነው። ልማዱ ከሊኑክስ የመጣ ነው። የኢሹዎቹን፣ ማለትም ሰዎች ያስመዘገቧቸውን ችግሮች፣ ዝርዝርም ፈልግ። ጳጉሜን ሌላ ሰው አግኝቷት ሊሆን ይችላል።

ካላገኛት ደግሞ ነገሩን ለማያውቅ ሰው አስረዳ። ፑል ሪኩዌስቱን የሚያየው ሰው ጳጉሜ ስትባል የመድኃኒት ስም ሊመስለው ይችላል። አንተ ያላልከኝን ልገምት፤ ኮዱ «ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 0 ከሆነ» ይላል አይደል? የፈረንጁን ሕግ ገልብጠው ነው። እኛ ጋ ጳጉሜ 6 የምትሆነው ቀሪው 3 ሲሆን ነው፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ። 2015 ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ነው። ስለዚህ ቀኗ አለች፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ላይ ውላለች። መስከረም 1 ቀን 2016ም በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር 12 የሆነው በሷ ምክንያት ነው። የተሳሳተው ኮድ ደግሞ የሌለችውን ጳጉሜ 6 ቀን 2016ን ሳያንገራግር የሚቀበል ይመስለኛል። ሞክርና እየው።

ይህንን ወደ ቴስት ቀይረው። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ይሁን፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ይሁን፤ ጳጉሜ 6 ቀን 2016 ይከልከል። ቴስቱን መጀመሪያ ባልተስተካከለው ኮድ ላይ አስኪደው፤ መውደቅ አለበት። ከዚያ በተስተካከለው ላይ አስኪደውና ሲያልፍ እይ። ሁለቱንም በአንድ ኮሚት ላክ። እግረ መንገዴን ብለህ የፎልደር ስም እንዳትቀይር፣ የሌላውን ሰው ስፔስም እንዳታስተካክል። እሱን ሌላ ቀን፣ በሌላ ብራንች።

«ጊት ፑሽ -ዩ ኦሪጅን ጳጉሜ-6» ስትል ጊትሃብ ፑል ሪኩዌስት የሚከፍት ሊንክ ይሰጥሃል። ስትከፍተው ከላይ «ቤዝ» የሚለው የባለቤቶቹ ሜይን፣ «ሄድ» የሚለው ያንተ ፎርክና ብራንች መሆኑን እይ። «ሜይንቴይነሮች (የፕሮጀክቱ ጠባቂዎች) እንዲያርሙ ፍቀድ» የምትለውን ሳጥን ምልክት እንዳለባት ተዋት፤ ትንሽ ነገር ከሆነ ራሳቸው ያስተካክሉልሃል። ኮድህን በራሳቸው የሚፈትሹት ቼኮች ሳይሮጡ ተገትረው ብታይ አትደንግጥ። ለአዲስ ሰው አንድ ባለቤት እስኪፈቅድ ይጠብቃሉ።

«ይህን ቀይር» ቢሉህ ፑል ሪኩዌስቱን ዘግተህ አዲስ አትክፈት። እዚያው ብራንች ላይ አስተካክለህ ፑሽ አድርግ፤ ገጹ በራሱ ይታደሳል። በመሃል ሪቤዝ ካደረግክ ተራው ፑሽ እምቢ ይልሃል። ያኔ «--ፎርስ» ከማለት «--ፎርስ-ዊዝ-ሊዝ» በል፤ ሌላ ሰው ብራንችህ ላይ የጨመረው ነገር ካለ አይደመስስብህም። ምላሽ ቢዘገይ ሁለት ሳምንት ጠብቅና አንድ ጊዜ በጨዋነት አስታውስ። በየማለዳው «ሰላም፣ እንዴት ሆነ?» ማለት አይጠቅምህም።

ከተቀበሉት በኋላ ብራንቹን ለማጥፋት «ጊት ብራንች -ዲ» ስትል «ገና አልተመረጀም» ሊልህ ይችላል። ብዙ ፕሮጀክቶች ኮሚቶችህን ጨፍልቀው አንድ አዲስ ኮሚት አድርገው ስለሚያስገቡት ጊት የራሱን ልጅ አያውቀውም። ዋናው ሪፖ ላይ መግባቱን በዓይንህ አይተህ በትልቁ ዲ አጥፋው።

ላይብረሪውን የሚጠቀሙ ሰዎች ካሉ ደግሞ ጊዜ አለን። የምትቀጥለዋ ጳጉሜ 6 የ2019 ናት፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027። ፑል ሪኩዌስቱን ስትከፍት ይህን ቀን ማብራሪያው ላይ ጻፍላቸው።